ሰማይ አይታረስ፣ እንደራሴ አይከሰስ?

አበው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ነገሩን ዘግተውት ነበር። ዘመን መጣና ንጉሡም ተከሰሰ። እንግሊዞችማ በ1649 ቻርለስ 1ኛን ፍርድ ቤት አቁመው አንገቱን ቀልተውታል። ከንጉሥ ሌላ ግን አንድ የማይከሰስ ሰው አለ፤ የሕዝብ እንደራሴ። ፓርላማ ውስጥ ቆሞ ለሚናገረው ቃል ፖሊስ አይዘውም፤ ዐቃቤ ሕግ አይከሰውም፤ ስሙን ያጠፋበት ሰው እንኳ ካሣ ሊጠይቀው አይችልም። እኔና እርስዎ ቡና ላይ ቁጭ ብለን ብንናገረው የሚያስጠይቀንን ነገር እሱ በማይክራፎን ይናገረዋል፣ በቴሌቪዥን ይተላለፍለታል። ታዲያ ይኼን መብት ማን ሰጠው? ለምን ሰጠው? ሕዝብን ከሕዝብ የሚያባላ ቃል ከአፉ ሲወጣስ ማንም አይጠይቀውም ማለት ነው?

ነገሩ በዋናነት ከእንግሊዞች የመጣ ነውና ታሪኩንም ከእነሱ እንጀምር። የምጠራቸው ዓመታት በእነሱ አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ አገራችን ስንመለስ ወደራሳችን አቆጣጠር እንመለሳለን።

በ1397 የንጉሥ ሪቻርድ 2ኛ ቤተ መንግሥት በባለሟል ተጨናንቆ ነበር። ጳጳሱ ከነአጃቢው፣ ወይዘሮዋ ከነደንገጡሯ እዚያው ይበላሉ፣ እዚያው ያድራሉ። ወጪው ናረ። ቶማስ ሃክሲ የሚባል አንድ ካህን ይኼን ወጪ የሚተች አቤቱታ አዘጋጀና ለፓርላማው ቀረበ። ንጉሡ ተቆጣ፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ይነገረኝ አለ። የምክር ቤቱ አባላት ምን አደረጉ? ይቅርታ ጠየቁና ስሙን አሳልፈው ሰጡ! ሃክሲ በአገር ክህደት ሞት ተፈረደበት። ነፍሱን ያተረፈችው ክህነቱ ናት፤ ጳጳሳቱ ለመኑለትና ምሕረት አገኘ። ሪቻርድ ከዙፋኑ ከወረደ በኋላ በ1399 ፍርዱ ተሻረ።

መቶ ዓመት ከምናምን አለፈ። ሪቻርድ ስትሮድ የሚባል የፓርላማ አባል የቆርቆሮ ማዕድን የሚቆፍሩ ሰዎች የዴቮንን ወደቦች በደለል እየሞሉ አስቸገሩ ብሎ ሥራቸውን የሚገድብ ሕግ አቀረበ። በዚያ አካባቢ ማዕድን ቆፋሪዎቹ የራሳቸው ፍርድ ቤት ነበራቸው። ስትሮድ አገሩ ሲመለስ ጠብቀው ያዙት፤ 160 ፓውንድ ቀጡት፤ ከዚያም ሊድፎርድ በሚባል ቦታ ጨለማ እስር ቤት ውስጥ ከሦስት ሳምንት በላይ ወረወሩት። ፓርላማው በ1512 ሕግ አውጥቶ ፍርዱን ሻረለት። ልብ ይበሉ፤ ሰውየውን ያሰረው ንጉሥ አይደለም። ጥቅማቸው የተነካባቸው ሰዎች ናቸው።

ሦስተኛው ታሪክ ከሁሉም ይመራል። መጋቢት 2 ቀን 1629 ቻርለስ 1ኛ ፓርላማውን ሊዘጋ ሲል አባላቱ አፈ ጉባኤውን ከወንበሩ እንዳይነሣ ይዘው ውሳኔ አሳለፉ። አፈ ጉባኤው ካልተነሣ ስብሰባው አይዘጋምና! የነገሩ መሪ ሰር ጆን ኤልየት ታሰረ። በፓርላማ ውስጥ ለተናገርሁት ለፓርላማ እንጂ ለሌላ ፍርድ ቤት መልስ አልሰጥም አለ። ዳኞቹ ደግሞ የስትሮድን ሕግ «እሱ ለስትሮድ ብቻ የወጣ ነው» ብለው ወደ ጎን አደረጉት። ኤልየት በለንደን ግንብ እስር ቤት ሦስት ዓመት ከምናምን ቆይቶ በ1632 እዚያው ሞተ። ልጁ ሬሳውን አገር ቤት ወስጄ ልቅበር ብሎ ቢለምን ንጉሡ በሞተበት ይቀበር አለ። ፍርዱ ስሕተት ነበር የተባለው በ1668 ነው፤ ኤልየት ከሞተ ከ36 ዓመት በኋላ።

እንግዲህ በ1689 እንግሊዞች የመብቶች ድንጋጌ ብለው ባወጡት ሕግ 9ኛው አንቀጽ ላይ የጻፉት ነገር ከነዚህ ሁሉ ሬሳና እስር ቤት የወጣ ነው። በፓርላማ ውስጥ የሚደረግ ንግግርና ክርክር «ከፓርላማ ውጪ» ባለ ፍርድ ቤትም ሆነ ቦታ አይከሰስበትም፣ አይጠየቅበትም ይላል። ኋላ አሜሪካኖች ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ አስገቡት፤ ሌላውም ዓለም በየፊናው ወረሰው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው ይኼን አንቀጽ ሲያነብ «አይጠየቅበትም» የምትለዋን ይዞ ይሄዳል። «ከፓርላማ ውጪ» የምትለዋን ግን ይጥላታል። ቁም ነገሩ ያለው እሷ ላይ ነው። ሕጉ እንደራሴው ለቃሉ ለማንም መልስ አይሰጥም አላለም። መልስ የሚሰጠው ለገዛ ቤቱ ነው ነው ያለው። ኤልየትም የጠየቀው ይኼንኑ ነበር። ያለመከሰስ መብት የተጠያቂነትን ፋይል ከፍርድ ቤት አውጥቶ ወደ ምክር ቤቱ ጠረጴዛ ያዛውረዋል እንጂ ፋይሉን አያቃጥለውም። ምክር ቤቱ ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ዝም ካለስ? ያኔ ለእንደራሴው የተሰጠው ጋሻ ጦር ይሆናል።

ጋሻ ጦር ሲሆን ማየት የሚፈልግ ወደ ቤልግሬድ ይሂድ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኋላ ዩጎዝላቪያ የተባለችው አገር ስትመሠረት የሰርቦች፣ የክሮአቶችና የስሎቬኖች መንግሥት ትባል ነበር። በ1928 የበጋ ወራት የፓርላማዋ ክርክር ወደ ስድብ ወርዶ ነበር። የክሮአት ገበሬዎች ፓርቲ መሪ ስትየፓን ራዲች ምላሱ ስለታም ነው፤ ሌሎቹም አይለቁትም። ከመንግሥት ወገን አንዱ እንደራሴ ራዲች ስድቡን ካልተወ ራሱ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ይወድቃል ብሎ እስከ መዛት ደረሰ። በአደባባይ! በስብሰባ መሐል! ይኼን ያለው ሰው ከአዳራሹ አልተባረረም። ስድቡም ዛቻውም ቃለ ጉባኤ ላይ ተመዘገበና ስብሰባው ቀጠለ።

ሰኔ 20 ቀን 1928 ፑኒሻ ራቺች የሚባል እንደራሴ መናገሪያው ላይ ወጣ። አንድ የክሮአት ተመራጭ «ዘራፊ» የሚል አንድምታ ያለው ነገር ከተቀመጠበት ጣለበት። ራቺች ይኼ ሰው ይቀጣልኝ ብሎ አፈ ጉባኤውን ጠየቀ። አዳራሹ ታመሰ። ራቺች ሽጉጡን አወጣና አምስት ሰው መታ። ሁለቱ ወዲያው ሞቱ፤ ከቆሰሉት አንዱ የነበረው ስትየፓን ራዲች ነሐሴ 8 ቀን አረፈ። በሚቀጥለው ዓመት ጥር 6 ቀን ንጉሥ አሌክሳንደር ፓርላማውን በተነ፣ ሕገ መንግሥቱን ሻረ፣ አገሩን ለብቻው መግዛት ጀመረ። እሱም ቢሆን በ1934 ማርሴይ ላይ ተገደለ። የሰርብና የክሮአት ቂም ግን ከዚያ አዳራሽ ወጥቶ የት የት እንደደረሰ ሁላችንም በዘመናችን አይተነዋል።

«ከአፍ የወጣ አፋፍ» የሚባለው ለዚህ ነው። ፍርድ ቤት ሊገባበት የማይችል አዳራሽ ነበር፤ እሺ። ግን ከሽጉጡ በፊት ባሉት ቀናት ባለ ወንበሩ የዛተውን ሰው አስወጥቶ፣ የተሳደበውን ቃሉን አስነሥቶ ቢሆን ኖሮስ? እርግጥ ነው፣ የአንድ አገር መከራ በአንድ ስብሰባ አይመጣም። ቢሆንም የመጨረሻው በር የተከፈተው እዚያ ነበር።

አንዳንዱ ደግሞ ደም የማያፈስ አለ። በየካቲት 1950 ጆሴፍ ማካርቲ የሚባል የዊስኮንሲን ሴናተር ዊሊንግ በምትባል ከተማ ለአንድ የሴቶች ክበብ ንግግር ሲያደርግ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በኮሚኒስቶች ተሞልቷል፣ ዝርዝራቸው በእጄ ነው አለ። ስንት ናቸው ሲባል ቁጥሩ ይለዋወጥበት ነበር። ከ11 ቀን በኋላ በሴኔቱ አዳራሽ ቆሞ 81 «ጉዳዮች» ቆጠረ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በዚያ ማዕበል ስሙ የተነሣ ሰው ከሥራው ይባረራል፣ ወዳጅ ይሸሸዋል፣ ክሰስ ቢባል የሚከስበት ቦታ የለውም።

በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ የምትባል የሜይን ሴናተር ተነሣች። የማካርቲ የራሱ ፓርቲ ሰው ናት። ስሙን ሳትጠራ፣ ሴኔቱ ባለመከሰስ መብት ጋሻ ተጠልሎ የሰው ስም የሚገደልበት አደባባይ ሆኗል ስትል ወቀሰች። አንድ ነገር ጨመረች፤ ይኼን ነገር ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል። እኛ ሴናተሮች፣ አለች በጭብጡ፣ ሴናተር ያልሆነውን አሜሪካዊ እዚህ ቆመን የፈለግነውን ብንለው አቤት የሚልበት የለውም፤ ያንኑ ቃል እርስ በርሳችን ብንባባል ግን ሥነ ሥርዓት ተጣሰ ተብለን እንቋረጣለን። ማለትም ቤቱ ደንብ አለው፤ ደንቡ ግን የሚጠብቀው የቤቱን ልጆች ነው።

የስሚዝን መግለጫ የፈረሙት ሌሎች ስድስት ሴናተሮች ብቻ ነበሩ። ሴኔቱ ማካርቲን በ67 ለ22 ድምፅ ያወገዘው ታኅሣሥ 2 ቀን 1954 ነው። ወደ አምስት ዓመት ገደማ! የተወገዘበትን ምክንያት ሲያዩት ደግሞ ስሚዝ ምን ያህል እንደገባት ይረዳሉ። ማካርቲ የተወገዘው የተራ ሰው ኑሮ ስላፈረሰ አልነበረም። የሴኔቱን ኮሚቴዎች ስለናቀና ስለተሳደበ ነው። ባልደረቦቹን ሲነካ ቤቱ ነቃ። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊውና መምህሩ ሲነካ ግን ቤቱ ተኝቶ ነበር።

«እሱ የድሮ ነው» የሚል ካለ ቅርቡን ልንገረው። በ1996 አንድ የብሪስቶል ተመራጭ ፓርላማ ውስጥ ስለ ቀበሌ ቤቶች ዓይነት አስተዳደር ሲናገር አንዲት የልጆች እናትን በስሟ ጠራት። አድራሻዋን ተናገረ፤ ጎረቤት የምታስቸግር ክፉ ሰው አደረጋት። ጋዜጦች አተሙት። ሴትየዋ ጥቁር ናት፤ ቤቷ የዘር ስድብና ዛቻ በተጻፈበት ደብዳቤ ተሞላ። ለደኅንነቷ ሲባል ሰፈር ቀየረች፤ ልጆቿም ትምህርት ቤት ቀየሩ። ተሰደበች፣ ተሰደደች፤ ለክስ ስትነሣ በሩ ዝግ ነው። ጉዳዩን እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሰችው። ፍርድ ቤቱ በ2002 ውሳኔ ሲሰጥ የተመራጩ ንግግር እጅግ ከባድና ለክርክሩም አላስፈላጊ ነበር አለ። ስሟንና አድራሻዋን መደጋገሙም አሳዝኖታል። ሆኖም ያለመከሰስ መብቱ ይጸናል ብሎ 6 ለ 1 በሆነ ድምፅ ፈረደባት።

ዳኞቹ ጨካኞች ሆነው ነው? አይደለም። አንድ ፍርድ ቤት «ይኼኛው ንግግር ከልክ ያለፈ ነው» ማለት ከጀመረ ነገ ያ ሥልጣን የማን እጅ እንደሚገባ ስለሚያውቁ ነው። ኤልየትን ይዘው የገቡበት በር ይኼው ነበራ!

ይሁንና አጥር የለም ማለት አይደለም። የመጀመሪያው አጥር ቦታ ነው። ጋሻው የአዳራሹ ንብረት ነው፤ ተሸክመውት አይወጡም። ፕሮክስማየር የሚባል የአሜሪካ ሴናተር የመንግሥት ገንዘብ ያባከኑ ናቸው ለሚላቸው «ሽልማት» እየሰጠ ይሳለቅባቸው ነበር። አንድ የተሳለቀበት ተመራማሪ ከሰሰው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 በሴኔቱ ውስጥ የተናገርኸው አይነካም፣ ያንኑ በጋዜጣዊ መግለጫና በበራሪ ጽሑፍ ስትበትነው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ነህ አለው። የኔዘርላንዱ ኽርት ቪልደርስም እንዲሁ ነው። በመጋቢት 2014 ሄግ ከተማ ካፌ ውስጥ ደጋፊዎቹን ሞሮኮዎች ይብዙ ወይስ ይነሱ ብሎ ጠይቆ «ይነሱ» አስባላቸው። ጉዳዩ ሰባት ዓመት ተጎትቶ በ2021 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕዝብን በመሳደብ ጥፋተኛነቱን አጸናው፤ ቅጣት ግን አልተጣለበትም። በ2023 ምርጫ ደግሞ ፓርቲው አንደኛ ወጣ። ፍርድ ቤት ሁሉን ነገር አይፈታም ለማለት ነው።

ሁለተኛው አጥር ይዘት ነው። ጀርመኖች ናዚ በምላስ እንዴት እንደመጣባቸው አይተዋልና በ1949 መሠረታዊ ሕጋቸው 46ኛው አንቀጽ ላይ እንደራሴው በምክር ቤት ለተናገረው አይጠየቅም ካሉ በኋላ አንድ ነገር ቀነሱለት፤ እያወቀ በሐሰት ስም ካጠፋ ጋሻው አያድነውም አሉ።

ሦስተኛው አጥር የቤቱ ደንብ ነው፤ ለእኔ ዋናው ይኼ ነው። የአውስትራሊያ ሴኔት በ1988 ቀላል የምትመስል ነገር ወሰነ። በሴኔቱ ውስጥ ስሙ የተነሣበት ተራ ዜጋ መልሱን ጽፎ ማቅረብ ይችላል፤ ኮሚቴ ያየዋል፤ ሲፈቀድ እዚያው ስሙ በጠፋበት ቃለ ጉባኤ ላይ ይታተምለታል። እስር የለም፤ ካሣ የለም። ግን የብሪስቶሏ እናት ይኼን ያህል እንኳ ብታገኝ ኖሮ!

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ነገሩ ለእኛም አዲስ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት የፓርላማ አባል በስብሰባ ላይ ለተናገረው እንደማይከሰስ ደንግጎ፣ ወዲያው ግን የምክር ቤቱን ደንብና ሥነ ሥርዓት የማክበር ግዴታ እንዳለበት፣ ቢጥስ ምክር ቤቱ ራሱ እንደሚቀጣው ጨምሮበት ነበር። ዛሬ የምንሠራበት የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ላይ እንደራሴው በምክር ቤቱ ለሰጠው ድምፅና አስተያየት አይከሰስም፣ አስተዳደራዊ እርምጃም አይወሰድበትም ይላል። ሌላ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይታሰርም። ጋሻው ሁለት ድርብ ነው ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን ማንም አያነሣውም፣ ሁለተኛውን ምክር ቤቱ ያነሣዋል።

ሁለተኛው ድርብ እንዴት እንደሚነሣ አይተናል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተመረጡት የቅንጅት ሰዎች ፓርላማ አንገባም ሲሉ ምክር ቤቱ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ያለመከሰስ መብታቸውን አነሣ። ብዙም ሳይቆይ መሪዎቹ ታሰሩ። ክሱ ሕገ መንግሥቱን በኃይል መናድና የዘር ማጥፋት ሙከራ ድረስ የሄደ ነበር። ተፈረደባቸው፤ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ወጡ። ደጋፊም ይሁኑ ተቃዋሚ፣ አንድ ነገር ይታይዎታል። በአብላጫ ድምፅ የሚነሣ ጋሻ ሁልጊዜ የሚነሣው ከአናሳው ላይ ነው። አብላጫው የራሱን ጋሻ ሲያነሣ እምብዛም አይታይም።

ስለዚህ አገሩ በነገር ሲታመስ «ሕዝብ የሚያጋጭ የተናገረ እንደራሴ ይከሰስ!» የሚል ሰው ሲነሣ ስሜቱ ይገባኛል። ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። እኛ አገር ደግሞ የሰበረችው አጥንት ተቆጥሮ አያልቅም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 የወጣውም ለዚሁ ነበር። ግን «የሚያጋጭ» የሚለውን ማን ይፈርጃል? ስለ ቀለብ ወጪ የጻፈው ሃክሲም «ከሃዲ» ተብሎ ነበር። ስለ ረሀብ የሚናገር፣ ስለ ተገደለ ሰው የሚጠይቅ፣ ሥልጣን ላይ ላለ ሰው ጆሮ ሁልጊዜ ነገር ቆስቋሽ ነው። የመጀመሪያውን ድርብ ጋሻ የቀደድን ቀን መጀመሪያ የሚወጋው ክፉ ተናጋሪው ላይሆን ይችላል። ደፋር ጠያቂው ሊሆን ይችላል።

እንዲያው ዝም ይባል? አይባልም። ቤልግሬድ ዝም ብሎ ምን እንዳተረፈ አይተናል። መንገዱ በሁለቱ መሐል ነው። ምክር ቤቱ ደንቡን አውጥቶ ይተግብር። አንድን ብሔር ወይም ሃይማኖት በጅምላ ጠላት ብሎ የጠራ ተመራጭ ቃሉን ያንሣ፤ እምቢ ካለ ከስብሰባ ይውጣ፤ ከደጋገመው ለተወሰነ ጊዜ ይታገድ። ይኼ እስር አይደለም። ሚኒስትሩ ሲናገረውና ብቸኛው ተቃዋሚ ሲናገረው ግን መለኪያው አንድ ይሁን፤ አለዚያ ደንብ አይባልም። ስሙ የተነሣው ዜጋ ወይም ማኅበረሰብ ደግሞ እንደ አውስትራሊያው መልስ የሚሰጥበት ቦታ ይኑረው። ይኼን ለማድረግ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም፤ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው መድፈር ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

በእኛ ቋንቋ ያ ሰው አፈ ጉባኤ ይባላል፤ የጉባኤው አፍ። ጉባኤው የሚናገርበት አፍ ነውና ዝምታውም የጉባኤው ዝምታ ነው። እናም ከእንግዲህ ቴሌቪዥን ከፍተው አንድ እንደራሴ በሕዝብ ላይ ክፉ ቃል ሲወረውር ሲያዩ፣ ዓይንዎን ከተናጋሪው ላይ ያንሡና መዶሻ የያዘውን ሰው ይመልከቱ። ያ መዶሻ ጠረጴዛውን መታ ወይስ አልመታም?